የሜሮን ሳምንት በግምገማ

ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ባትስቁብኝ ደስ ይለኛል። ልጅ የሌላችሁ ግን ብትስቁም አልቀየማችሁም፤ ወረፋችሁ ገና ነው።

እኔ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሰላ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ከአንዱ ብርድ ወደ ሌላው ብርድ ስለተዛወርኩ ካፖርቴን እንኳ መቀየር አላስፈለገኝም። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፣ እኛ ቅርንጫፍ ነን፤ ሪፖርታችንም ወደዚያው ስለሚላክ በአማርኛ ነው። ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን መጻፍ ነው። ያልሠሩትን ደግሞ ያልተሠራ መሆኑ እንዳይታወቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ሙያ የሚጠይቀው ይሄኛው ነው።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የከረመ ሰው ቤቱም ቢሮ ይመስለዋል። ባለቤቴ አስቴር ነርስ ናት፣ የአሰላ ልጅ። «ምሳ ምንድን ነው?» ስላት «በዕቅድ ደረጃ ሽሮ ነው» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ መልስ መስሎኝ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ እቀበላት ነበር።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ልጃችን ሜሮን ናት። አንድ ልጃችን ናት፣ አሥረኛ ክፍል። አንድ ቀን ሁለት ወሬ ይዛ ገባች። የሒሳብ ውጤቷ ወርዷል፤ ለትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ደግሞ ተመርጣለች። የመጀመሪያውን ጫማዋን እያወለቀች፣ ፊቷን አዙራ ነገረችን። ሁለተኛውን ግን እየዘለለች ነበር። ቡድኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠለጥናል፤ ሰሞኑን ደግሞ በቆጂ ሄዶ ይጋጠማል።

«አይሆንም» አልኩ። «ለኳስ የሚሆን ጊዜ ከየት ታመጫለሽ?»

«ጊዜማ አለኝ አባዬ።»

«የት አለ?»

«አለኝ። የት እንደሚሄድ ነው የማላውቀው።»

ይህን ለሌላ አባት ብትናገር ኖሮ ተቆጥቷት ያልፍ ነበር። የዕቅድ ባለሙያ ፊት ግን «አንድ ሀብት አለኝ፣ የት እንደሚገባ አይታወቅም» ማለት ራስን ለኦዲት አሳልፎ መስጠት ነው። በዚያው ምሽት ክትትል ጀመርኩ።

የዛሬ ልጅ እንዴት እንደሚያጠና አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሜሮን አልጋ ላይ በሆዷ ትተኛለች። ደብተሩ ከፊቷ ተከፍቷል፣ ስልኩ ደብተሩ ላይ ቆሟል፣ ጆሮዋ በማዳመጫ ተደፍኗል። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት «የጥናት ግሩፕ ነው» ትለኛለች። ይህን የጥናት ግሩፕ አንድ ቀን በትከሻዋ አጮልቄ አየሁት። ስለ ፀጉር፣ ስለ አንዲት መምህር ጫማ፣ ደግሞ ስለ ፀጉር ይወራበታል። ስለ ጥናት የተጻፈው «ነገ ፈተና አለ እንዴ?» የሚል ብቻ ነበር፤ ለዚያም የመለሰ የለም። ከዚያ የቱርኩ ተከታታይ ድራማ አለ። ከእናቷ ጋር ነው የምታየው፤ እኔ ደግሞ እግረ መንገዴን ቆም እልና እስኪያልቅ እግረ መንገዴን ላይ እቆያለሁ። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ሹሩባ ነው፤ ሹሩባው ሲያልቅ ራስ ምታቱ ይጀምራል። ቱቶሪያል አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንም ያላቀደው ረጅም ወሬ አለ።

እኛስ በእሷ ዕድሜ? እኛም ጊዜ አባክነናል፤ ያውም በደንብ አድርገን። አጥር ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን መኪና ሰሌዳ እያነበብን ነው ያደግነው። ልዩነቱ የሚከታተለን የዕቅድ ባለሙያ አልነበረም። አባቴ ገበሬ ነበር፣ የሚከታተለው ከብቱን ነው።

ለአስቴር ነገርኳት፤ «የቤተሰብ ግምገማ እናድርግ። የሜሮን ሳምንት ይገምገም። ብክነት ከተገኘ ከቡድኑ ትወጣለች፣ ካልተገኘ ትቀጥላለች።»

ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት እየፈለገች ነበር። እንደሌለኝ ስታረጋግጥ «ሰብሳቢው ግን አንተ አይደለህም» አለች። በዚህ ተስማማን። ገለልተኛ ሰብሳቢ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩን።

ጎረቤታችን ጋሽ ገመዳ ከእርሻ ቢሮ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ገምግመዋል፣ ተገምግመዋል፣ የሚገመግሙትን ሰዎችም ገምግመዋል። ሌላው ሰው ከግምገማ ሲወጣ እፎይ ይላል፤ ግምገማ የናፈቀው ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫታቸው ለብሰው መጡና ከሳሎናችን ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«መድረኩን ከፍቻለሁ» አሉ። «ሥርዓቱ ይታወቃል። መጀመሪያ ግለ ሂስ ነው። ግለ ሂስ ደግሞ ከላይ ነው የሚጀመረው። ከአባወራው።»

«የተሰበሰብነው በሜሮን ጉዳይ እኮ ነው ጋሽ ገመዳ።»

«ማሎ! እባክህ፣ ሥርዓት ነው።»

እሺ አልኩ። ልምዱ አለኝ፤ ቢሮ ውስጥ ድክመት የሚመስል ጥንካሬ መናገር እንችልበታለን። ጉሮሮዬን ጠርጌ «የእኔ ድክመት ሥራ ላይ ከመጠን በላይ መትጋት ነው። ለራሴ አላስብም» አልኩ።

ጋሽ ገመዳ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ይሄ ሂስ አይደለም፣ ሽልማት ነው። ጥልቀት ይጎድለዋል። አስቴር፣ አግዢው።»

አስቴር አላሳፈረቻቸውም። ስብሰባ አለኝ ብዬ የእንግሊዝ ኳስ ከማይበት ቤት ጀመረች። ጠዋት ሽንት ቤት ስልክ ይዤ እንደምገባና ውጭ ያለው ሰው እስኪለምነኝ እንደምቆይ ተናገረች። የቱርኩን ድራማ አላይም ብዬ የገጸ ባሕርያቱን ስም ከእሷ በላይ እንደማውቅ ሳይቀር አወጣችው። ጋሽ ገመዳ በየመሀሉ «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ይላሉ። ሜሮን ትራስ አቅፋ ፊቷን ቀብራ ትንቀጠቀጣለች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው።

የእሷ ተራ ሲደርስ ግን ተነሥታ ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ድምፅዋን አወፈረች።

«በሳምንቱ በጥናት ዘርፍ ከታቀዱት ተግባራት አብዛኞቹ በተሟላ ሁኔታ የተከናወኑ ሲሆን፣ የተቀሩት በመከናወን ላይ ይገኛሉ። በእንቅልፍ ዘርፍ አፈጻጸሙ ከዕቅድ በላይ ነው። በስልክ አጠቃቀም ዙሪያ የግንዛቤ ክፍተት ተስተውሏል፤ ክፍተቱ በዋናነት የአባዬ ነው።»

ጋሽ ገመዳ አጨበጨቡ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዋናውን ጥያቄ ይዤ ነበርና። በክትትሌ ያገኘሁት ትልቁ ነገር አሁን ሊወጣ ነው። «መልካም» አልኩ። «ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ በር ዘግተሽ የምትቀመጪውስ? ለብዙ ሰዓት! ይሄ በየትኛው ዘርፍ ነው ያለው? ጊዜሽ የሚሄደው እዚያ ነው!»

 አስቴር ጣራውን ማየት ጀመረች።

«አባዬ፣ እሱን ብንተወው አይሻልም?» አለች ሜሮን።

«አንተወውም! መድረክ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም!»

«ያንተን ሪፖርት ነዋ የምጽፍልህ።»

ክው አልኩ። ነገሩን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ረቂቁን በእጄ ጽፌ የምሰጣት እኔ ነኝ። እኔ በአንድ ጣቴ አንድ መስመር እስክጽፍ ቡናው ይቀዘቅዛል፤ አማርኛ ደግሞ ለአንዷ ፊደል ሁለት ቁልፍ ያስመታል። ለእሷ ግን የዓይን ጥቅሻ ይመስለኝ ነበር። ስሰጣት አያታለሁ፣ ስቀበላት አያታለሁ፤ በመሀል ያለውን አይቼው አላውቅም። ያውም አንዴ ጽፋ አይበቃኝም። «ተከናውኗል» የሚለውን «በመከናወን ላይ ይገኛል» አስደርጋትና በማግሥቱ ወደ ነበረበት አስመልሳታለሁ።

«የሒሳብ ፈተናው መቼ ነበር?» አሉ ጋሽ ገመዳ፣ በልስላሴ።

«የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሰሞን» አለች።

አፈርኩ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ጋሽ ገመዳ ክራቫታቸውን አስተካከሉና «የልጅ ጉልበት» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ሪፖርቴን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ጣት እንድጽፍ ተወሰነ። እኔም ነገሩ በዚሁ አልቆ ልጅቷ በነፃ የተለቀቀች መስሎኝ ብድግ ስል አስቀመጡኝ።

«የኳሱ ጉዳይ ገና ነው። ለመሆኑ ስትጫወት አይተሃታል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ያላየኸውን ሥራ ብክነት ነው ትላለህ? እኔ እርሻ ቢሮ እያለሁ ማሳውን በዓይኔ ሳላይ ስንዴው ደርሷል ብዬ አላውቅም።» ትንሽ አሰቡ። «አንዴ ብያለሁ። ተገምግሜበታለሁ። ስለዚህ የመስክ ምልከታ ይደረግ። ቅዳሜ አብረሃቸው በቆጂ ትሄዳለህ። አይተህ ማታ ለእኔ ታቀርባለህ፤ ትቀጥል ወይም ትቅር ያኔ ይወሰናል።»

ሜሮን በዚህ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱ መምጣት አለበት?» አለች። ለምን እንደከበዳት አልገባኝም፤ በአባቷ አፍራ ነው ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ቅጥቅጥ አይሱዙ ተሳፍረን ወጣን። ልጆቹ ከአሰላ እስክንወጣ እንኳ አልታገሡም፤ ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ። እኔ ከስፖርት መምህራቸው አጠገብ ካፖርቴን ተቆልፌ፣ እስክርቢቶዬን ደረት ኪሴ ውስጥ ሰክቼ ተቀምጫለሁ። በቆጂ ስንደርስ ብርዱ ከመኪናው እንዳንወርድ የሚለምን ዓይነት ነበር። የከተማው ሰው ግን ይሮጣል። ዳቦ ሊገዛ የሚሄደውም እየሮጠ መሰለኝ።

ሜዳው የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ መስመሩ በኖራ ተሰምሯል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንደኛው የመስመር ዳኛ ቀረ። ዋናው ዳኛ ዙሪያውን ቃኘ። ካፖርት፣ እስክርቢቶ፣ የተኮሳተረ ፊት፤ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አገኘው።

«ጋሼ፣ ያቺን ጥግ ይያዙልን። ውስጥ ከሆነ ባንዲራውን ወደ ታች፣ ውጭ ከሆነ ወደ ላይ። ሌላ ሥራ የለውም።»

የአሰላ ልጅ አባት ነኝ ብዬ ለመናገር አፌን ስከፍት ባንዲራው እጄ ውስጥ ነበር። የእኛ ልጆች ሲያዩኝ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። «የሜሮን አባት ነው መስመሩ ላይ!» ሲሉ ሰማሁ። የደስታ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ልጄን ፈለግኳት። ሜዳው ውስጥ የለችም። ከጥጌ ማዶ አግዳሚው ላይ፣ ጃኬቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ትገባለች ብዬ ጠበቅኩ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ፣ አሸነፍን። ሁለተኛው አለቀ፣ ተሸነፍን። እሷ አጨበጨበች፣ ጮኸች፣ ውኃ አቀበለች፣ የተናደደችውን አቀፈች፤ ኳስ ግን አልነካችም። በእረፍቱ መሀል መምህሩን ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሜሮን ተቀያሪ ናት» አለኝ።

«መቼ ነው የምትቀየረው?»

«ሰው ከተጎዳ ነዋ።»

ሜዳ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ጤነኛ ናቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና አንደኛዋን ለአጭር ጊዜ ወለም እንዲላት ተመኘሁ። ለካ አብሬያት እንዳልመጣ የፈለገችው ለዚህ ነው።  እኔም በስብሰባ ኳስ ሳልነካ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እንደ እሷ ከልቤ አጨብጭቤ ግን አላውቅም።

መጨረሻው ዙር ላይ ነገሩ ተጋጋለ። በቆጂዎች አንድ ነጥብ ብቻ ቀራቸው። የእኛ አምበል ጫልቱ የምትባል ረጅም ልጅ ናት፤ ተስፈንጥራ ኳሷን መታቻት። ኳሷ በረረች፣ እኔ ወዳለሁበት ጥግ መጣች፣ ዱብ አለች። ከኖራው በጣት ያህል አልፋ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የእኛ ልጆች ለመጨፈር እጃቸውን አንሥተዋል። ወገኖቼ፣ እኔ ያልተቆፈረ ጉድጓድ «ተቆፍሯል»፣ ያልተሰጠ ሥልጠና «ተሰጥቷል» ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ሰው ነኝ። ባንዲራዋን ወደ ታች ማድረግ ምን ነበረበት? እጄ ግን እምቢ አለ። ባንዲራው ወደ ላይ ወጣ። በቆጂ በደስታ ተናወጠች፤ እኔም ሁለት እግር ያለው አደጋ ሆኜ ቆምኩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዘፈን የለም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። የዘመዴን ቀብር አልቅሼ ስመለስ እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ አላየሁም። ጥቂት እንደሄድን ጫልቱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኳሷ ግን መስመር ነክታለች።»

«የራሳችን ሰው ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር እኮ» አለች ሌላዋ።

ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም ጨመሩ። በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ግምገማዬ መሆኑ ነው። ልምድ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ አይከራከርም፣ ሂሱን ተቀብሎ ይቀመጣል። «ምናልባት ዓይኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ወጥታለች።»

ከኋላ ወንበር ነው። ሜሮን ናት።

«አንቺ ደግሞ አባትሽ ስለሆነ ነው» አለች ጫልቱ።

«አይደለም። አግዳሚው ልክ በመስመሩ ትክክል ነው፤ ፊት ለፊቴ ነው ያረፈችው። ኖራው አልቦነነም። ብትነካው ይቦንን ነበር።»

«አንቺ እኮ አልተጫወትሽም ሜሪ!»

«ስላልተጫወትኩ ነዋ ያየሁት። እናንተ ኳስ ላይ ነበራችሁ።»

ከቃሏ አልተመለሰችም። ከእነዚህ ልጆች ጋር ሰኞም ማክሰኞም አንድ ክፍል የምትውለው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።  ጫልቱ «ቶሌ፣ ይሁን» አለችና ከኪሷ ቆሎ ዘግና አቀበለቻት። ሳጉሬ ስንደርስ አንዷ ዘፈን አነሣች። እኔ መስኮቱን እያየሁ መነጽሬን ጠረግኩ። ኮራሁባት፤ በጣም ኮራሁባት።

አሰላ ልንገባ ስንል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንደማልገባ አውቅ ነበር አባዬ። መምህሩ ቀድሞ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን መጣሽ?»

ለምን ምሳ ትበያለሽ ያልኳት ይመስል አየችኝ። «ቡድኔ ነዋ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለጋሽ ገመዳ ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ።

«ያየሁትን።»

 የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ ጀመረች።

ጋሽ ገመዳ በራችን ላይ ቆመው እየጠበቁን ነበር፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ። አስቴርም ነጠላዋን ደርባ ወጥታለች። ገብተን እስክንቀመጥ አልታገሡም።

«እሺ፣ ምልከታው? ተጫወተች?»

«አልተጫወተችም።»

«ትንሽም?»

«ኳስ አልነካችም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ነው የዋለችው።»

ሜሮን አንገቷን ደፋች። አስቴር በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ጋሽ ገመዳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ውሳኔህ ምንድን ነው?»

«ትቀጥል። ቅዳሜ ቅዳሜ የኳሷ ነው።»

«ምክንያት?»

ምክንያት መጻፍ እንጀራዬ የሆነ ሰውዬ በር ላይ ቆሜ አንድ ምክንያት አጣሁ።

«ልጄን አየኋት፣ ጋሽ ገመዳ» አልኳቸው።